በአንድ ጠብታ ውስጥ ስንት ባክቴሪያ አለ? ከቱቦው እስከ ሎጋሪዝሙ

ባዮሎጂ የሚመርጥ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከሒሳብ የተገላገለ ይመስለዋል። ከዚያ የማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ (ላብ) ይጀመራል፤ ጉዱም ይፈላል። ክፍልፋይ፣ ባለ ርቢ ቁጥር፣ ሎጋሪዝም፣ ሁሉም ባንድ ቀን ከች ይላሉ።

እኔም እንደዚያ ከመሰላቸው አንዱ ነበርኩ። በመጀመሪያው የላብ ሪፖርቴ ላይ «በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.00143 ባክቴሪያ ተገኝቷል» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ሙሉ ባክቴሪያ እንኳ የለም ማለት ነው። አራሚው ምንም አላብራራልኝም። ከጎኑ በቀይ «የቀረው አካሉ የት ሄደ?» ብሎ መለሰልኝ።

ጥፋቱ የካልኩሌተሩ አልነበረም። እጄ ላይ ያለው ፈሳሽ ከዋናው ምን ያህሉ እንደሆነ አንዴም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ይህን ጥያቄ በየደረጃው የሚጠይቅ ሰው ቀመር መሸምደድ አያስፈልገውም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ለዚህች ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ፣ ምን እየቆጠርን ነው?

ባክቴሪያ በዓይን አይታይም። አጋር በሚባለው እንደ ጄሊ የረጋ ማሳደጊያ ላይ ብቻውን ካረፈና ሌሊቱን ከተራባ ግን በማግስቱ ዘሩ ተከማችቶ ነጥብ ይሆናል። ይህች ነጥብ ኮሎኒ ትባላለች። ኮሎኒ ቆጠርን ማለት ትናንት ሳህኑ ላይ ያረፉትን ቆጠርን ማለት ነው።

በግምት ነው ታዲያ። ስታፊሎኮከስ እንደ ወይን ዘለላ ተሰባስቦ ይኖራል፤ ስትሬፕቶኮከስ ደግሞ እንደ ዶቃ ተሰክቶ። ዘለላው በሙሉ አንድ ቦታ ካረፈ የሚሠራው አንድ ኮሎኒ ነው። ውጤቱ «ይህን ያህል ባክቴሪያ» ሳይሆን «ይህን ያህል ኮሎኒ ሠሪ አሃድ»፣ በላብ ሰዎች አፍ «ሲ ኤፍ ዩ» ተብሎ የሚጻፈው ለዚህ ነው። የሞቱትም አይቆጠሩም፤ የሞተ አይራባም።

ችግሩ ብዛታቸው ነው። ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ሌሊቱን ያደረበት ፈሳሽ በ1 ሚሊ ሊትር ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሊይዝ ይችላል። እንዳለ ሳህን ላይ ቢፈስ ነጥብ ሳይሆን ምንጣፍ ነው የሚታየው። ስለዚህ ለቆጠራ እስኪመች ድረስ እናቀጥነዋለን። ከቆጠርን በኋላ በሒሳብ ወደ ዋናው እንመለሳለን። ይህ አሠራር ሲሪያል ዳይሉሽን ይባላል።

ደረጃ 1፦ በቀለም ውሃ ተለማመዱ

ባክቴሪያ ከመንካታችሁ በፊት ቀለም ያለው ውሃ ውሰዱ። ስድስት ቱቦ ደርድሩና በእያንዳንዱ 9 ሚሊ ሊትር ንጹህ ውሃ ጨምሩ። ከቀለሙ 1 ሚሊ ወደ አንደኛው፣ ከአንደኛው 1 ሚሊ ወደ ሁለተኛው፣ እያላችሁ እስከ ስድስተኛው ሂዱ። ቀለሙ በየቱቦው ይሳሳል። አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ስትደርሱ ተራ ውሃ ይመስላል። ግን ቀለሙ አለ፤ ዓይናችሁ ነው ያልደረሰበት።

ይህን የግማሽ ሰዓት ልምምድ የሚንቁ አሉ። በኋላ ሙከራውን ሁለት ጊዜ የሚሠሩትም እነሱ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ከመጨመር በፊት መጻፍ

ቱቦዎቹ ላይ በማርከር 10⁻¹፣ 10⁻²፣ 10⁻³ እያላችሁ እስከ 10⁻⁶ ጻፉ። ከላይ ያለችው ትንሽ ቁጥር «ከዋናው ምን ያህሉ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ናት። 10⁻¹ አንድ አሥረኛ ነው። 10⁻³ አንድ ሺኛ፣ 10⁻⁶ አንድ ሚሊዮንኛ።

ሳህኖቹ ላይ ስትጽፉ ደግሞ በክዳኑ ሳይሆን በታችኛው ክፍል ጀርባ ላይ ይሁን። ክዳን ይቀያየራል። ሁለት ክዳን ተቀያይሮበት የአንድ ሳምንት ሥራው ገደል የገባበትን ጓደኛ አውቃለሁ።

ደረጃ 3፦ 9 ነው፣ 10 አይደለም

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው።

አሥር እጥፍ ማቅጠን ማለት 1 ሚሊ ናሙና ገብቶ ጠቅላላው 10 ሚሊ መሆን ማለት ነው። ስለዚህ የሚጨመርበት ፈሳሽ 9 ሚሊ ነው። «አሥር እጥፍ አይደል?» ብሎ 10 ሚሊ ላይ 1 ሚሊ የጨመረ ሰው ጠቅላላው 11 ይሆንበታል። አንድ አሥረኛ ነው ብሎ ያሰበው ነገር በእርግጥ አንድ አሥራ አንደኛ ነው።

ትንሽ ልዩነት ትመስላለች። ግን በየቱቦው ራሷን ታባዛለች። አምስት ቱቦ ካለፈ በኋላ ሰውየው 10⁵፣ ማለትም 100,000 እጥፍ አቀጠንኩ ብሎ ያስባል። እውነቱ 11⁵ ነው፤ 161,051። የመጨረሻ መልሱ 1.43 × 10⁸ ከሆነ ትክክለኛው 2.3 × 10⁸ ገደማ መሆን ነበረበት። ከአንድ ሚሊ ሊትር የመጣ ጣጣ ነው ይሄ። ስለ ባለ ርቢ ቁጥር ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ደረጃ 4፦ ማሸጋገር

በንሰን በርነሩን (የላብ ጋዝ ማንደጃውን) ለኩሱ። ጠረጴዛውን በ70 በመቶ አልኮል የምትጠርጉት ግን ከመለኮሳችሁ በፊት ነው፤ አልኮልና እሳት አብረው አይሆኑም። ንጹሕ አልኮል ሳይሆን 70 በመቶው የሚመረጠውም በምክንያት ነው፤ ውሃ ሲኖርበት የባክቴሪያውን ፕሮቲን ይበልጥ ያበላሻል።

ዋናውን ፈሳሽ በደንብ አናውጡ። ባክቴሪያ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ሳታናውጡ ከላይ ከቀዳችሁ ያገኛችሁት የላይኛውን ብቻ ነው። 1 ሚሊ ቀድታችሁ ወደ 10⁻¹ ቱቦ ጨምሩ። የቀዳችሁበትን ፒፔት (መለኪያ ቀጭን ቱቦ) ጣሉና አዲስ አንሱ። የ10⁻¹ን ቱቦ አናውጡ፤ 1 ሚሊ ቀዱ፤ ወደ 10⁻² ጨምሩ። እንደገና አዲስ ፒፔት። እንደዚያ እያላችሁ እስከ መጨረሻው።

ፒፔት መቀየር ቅንጦት አይደለም። የፒፔቱ ግድግዳ ላይ የቀረች ጠብታ ከቀጣዩ ቱቦ ይልቅ አሥር እጥፍ የወፈረች ናት።

ደረጃ 5፦ ሳህን ላይ ማሳረፍ

ከመጨረሻዎቹ ሦስት ቱቦዎች፣ ከ10⁻⁴፣ ከ10⁻⁵ እና ከ10⁻⁶፣ 0.1 ሚሊ ሊትር እየቀዳችሁ የአጋር ሳህን ላይ አሳርፉና በእሳት በጸዳ የመስታወት ዘንግ አሰራጩት። ከተቻለ ለእያንዳንዱ ቱቦ ሦስት ሦስት ሳህን ይኑር።

አሁን ቆም በሉና ጥያቄዋን ጠይቁ። ከ10⁻⁵ ቱቦ 0.1 ሚሊ ስትቀዱ፣ ያ የሳህን ጠብታ የዋናው ፈሳሽ ስንት ሚሊ ሊትር ነው? ቱቦው አንድ መቶ ሺኛ፣ የቀዳነው ደግሞ የሚሊ ሊትር አንድ አሥረኛ። ሲባዙ 10⁻⁶ ሚሊ ሊትር። ይህን ቁጥር አሁኑኑ ሳህኑ ላይ ጻፉት። ነገ ካልኩሌተር ስታነሱ ግማሹ ሥራ ያለቀ ይሆናል።

ፈሳሹ ከሰረገ በኋላ ሳህኖቹን ገልብጣችሁ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ኢንኩቤተር (ሙቀቱን ጠብቆ በሚያቆይ ሳጥን) ውስጥ ለ24 ሰዓት አቆዩ። የሚገለበጡት ክዳኑ ላይ የሚጠራቀመው እርጥበት ኮሎኒዎቹ ላይ እንዳይንጠባጠብና እንዳያደባልቃቸው ነው።

(በነገራችን ላይ አጋርን ወደ ላብ ያመጣችው ፋኒ ሄሰ ናት፤ ባሏ ዋልተር በጀርመናዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ በሮበርት ኮህ ላብ ይሠራ ነበር። ከዚያ በፊት የሚጠቀሙበት ጄላቲን በ37 ዲግሪ ይቀልጥባቸዋል፤ አንዳንዱ ባክቴሪያም ይበላዋል። እሷ ማርማላታ ለማርጋት የምታውቀውን አጋር ሞክሩት አለች። ሳህኑን ደግሞ የዚያው ላብ ሰው ዩሊየስ ፔትሪ በ1887 አስተዋወቀ።)

ደረጃ 6፦ ቆጠራ

ሳህኑን ገልብጣችሁ ያዙና የቆጠራችሁትን እያንዳንዱን ኮሎኒ ከጀርባው በማርከር ነጥቡ። ያለበለዚያ ሰማንያ ላይ ስትደርሱ ሰው ያናግራችኋል፤ ከዚያ እንደገና ከአንድ።

ለሒሳብ የሚያገለግለው ከ30 እስከ 300 ኮሎኒ ያለበት ሳህን ነው። አንዳንድ ማንዋል ከ25 እስከ 250 ይላል፤ የናንተን ተከተሉ። ከ300 በላይ ሲሆን ኮሎኒዎቹ ይደራረባሉ፣ በምግብም ይሻማሉ።

ከ30 በታችስ ምን ችግር አለው? መልሱ ስታቲስቲክስ ነው። ጠብታዋ ውስጥ ስንት ባክቴሪያ እንደሚገባ በከፊል ዕድል ይወስነዋል። ቆጠራው በዕድል ብቻ የሚዋዥቀው በካሬ ሩቱ ያህል ነው። 16 ከቆጠራችሁ ስህተቱ 4 ገደማ ነው፤ ይህ 25 በመቶ ነው። 144 ከቆጠራችሁ 12 ነው፤ 8 በመቶ ገደማ። ትንሽ ቁጥር ብዙ ይዋሻል።

ደረጃ 7፦ ወደ ዋናው መመለስ

10⁻⁴ ሳህኑ ምንጣፍ ነው እንበል። 10⁻⁶ ላይ 16 ኮሎኒ አለ። 10⁻⁵ ላይ 143። የምንወስደው 143ን ነው።

ሳህኑ ላይ ትናንት የጻፍነው 10⁻⁶ ሚሊ ሊትር ነው። እንግዲህ 143ቱ የመጡት ከዚህች ኢምንት መጠን ነው። በሙሉ 1 ሚሊ ውስጥ ሚሊዮን እጥፍ አለ ማለት ነው፦

143 ÷ 10⁻⁶ = 143 × 10⁶ = 1.43 × 10⁸ ሲ ኤፍ ዩ በሚሊ ሊትር።

የኔ ስህተት አሁን ይታያችኋል። እኔ 143ን በ10⁻⁵ አበዛሁት፤ የሳህኗንም 0.1 ረሳኋት። በትንሽ ክፍልፋይ ማካፈል ቁጥርን ያሳድጋል፤ ማባዛት ያሳንሳል። መልሳችሁ ከቆጠራችሁት ካነሰ የሆነ ቦታ ተገልብጣችኋል።

ሦስት ሳህን ካላችሁ መጀመሪያ ቆጠራዎቹን አማክሉ፣ ከዚያ አካፍሉ። መልሱንም 143,333,333 ብላችሁ አትጻፉ። በማርከር ነጥብ የተቆጠረ ነገር ይህን ያህል ትክክል ሊሆን አይችልም። 1.4 × 10⁸ ይበቃል።

ደረጃ 8፦ በስንት ደቂቃ ይጠፋሉ? ይቅርታ፣ ይጠፋሉ ሳይሆን ይታጠፋሉ

ባክቴሪያ ለሁለት እየተከፈለ ነው የሚራባው። ኢ. ኮላይ ሁሉ ነገር ሲመቸው በ20 ደቂቃ ገደማ ይታጠፋል፤ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በ7 ሰዓት 21 ጊዜ። ከአንድ ተነስቶ 2,097,152።

በላብ የሚሰጣችሁ ጥያቄ ግን በተቃራኒው ነው፤ መነሻውና መድረሻው ይነገራችሁና ስንት ጊዜ እንደታጠፈ ፈልጉ ትባላላችሁ። ሎጋሪዝም የሚመጣው እዚህ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ጥያቄው «ስንት ጊዜ ተባዛ?» ብቻ ነው።

በጅምሩ 1.5 × 10⁴ ነበር፤ ከ5 ሰዓት በኋላ 3.2 × 10⁷ ሆነ እንበል። የሁለቱን ሎግ ውሰዱ፤ 4.176 እና 7.505። ልዩነቱ 3.329 ነው። ይህ የሚነግረን በ10 ስንት ጊዜ እንደተባዛ ነው። እኛ የምንፈልገው በ2 ስለሆነ በ2 ሎግ፣ በ0.301 እናካፍላለን። 11.06 ትውልድ። 300 ደቂቃ ለ11.06 ሲካፈል 27 ደቂቃ ገደማ። አለቀ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ባክቴሪያ አዲስ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ወዲያው አይራባም፤ መጀመሪያ ይለማመዳል። ምግብ ሲያልቅም ይቆማል። ስለዚህ ሁለቱንም ቁጥሮች ውሰዱ የምላችሁ ግራፉ በሴሚሎግ ወረቀት (አንዱ መስመሩ በሎግ በተሰመረ ወረቀት) ላይ ቀጥ ካለበት ክፍል ነው። በ20 ደቂቃ ስሌት ዝም ብላችሁ ለ48 ሰዓት ብትቀጥሉ ምን እንደሚመጣ ሞክሩት፦ 2¹⁴⁴ ባክቴሪያ። አንዱ የግራም አንድ ትሪሊዮንኛ ቢመዝን እንኳ ጠቅላላው ከመሬት ክብደት በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ቀመሩ አይዋሽም፤ ምግቡ ግን ያልቃል።

ይህን ለሌላ ሰው የምታስተምሩ ከሆነ

የሒሳብ ትምህርት ኮርስ ላይ ያላችሁ፣ በቀመር አትጀምሩ። ወረቀት አሳጥፏቸው። ሰባት ጊዜ ከታጠፈ 128 ድርብ ነው፤ ከዚያ በላይ እጅ እምቢ ይላል። «128 ድርብ ለማግኘት ስንት ጊዜ እንጠፍ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሰባት» ያለ ልጅ ሎጋሪዝም ሠርቷል፤ ስሙን በኋላ ንገሩት። ቀጥሎ የቀለሙን ውሃ አምጡና በየቱቦው ፊት «አሁን እጅህ ላይ ያለው ከዋናው ምን ያህሉ ነው?» በሉ። መልሱን ራሳቸው ይጻፉ። ዝም ካሉ ታገሱ፤ ለመናገር አትቸኩሉ።

ሥራው ሲያልቅ ሳህኖቹ በ121 ዲግሪ ኦቶክሌቭ (በታመቀ እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ውስጥ ገብተው ነው የሚጣሉት። ከዚያ በፊት ግን ቁጥሩን ደብተር ላይ አስፍሩ። አጋሩ ኦቶክሌቭ ውስጥ ይቀልጣል፤ ኮሎኒዎቹም አብረውት።