ነፃ ዕቃ የሚሰጡ ቡድኖች በስም ሲጣሉ ጠቡን እንዴት መፍታት ይቻላል?

ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ያሉ ጎረቤታሞች የማይገለገሉበትን አልጋ፣ የልጅ ጫማ ወይም የትምህርት ቤት ቦርሳ ለፈላጊ በነፃ የሚያስተላልፉበት የቴሌግራም ቻናል ከፈቱ እንበል። ዓመት ሳይሞላ ኮምቦልቻ ላይ ሌሎች ሰዎች በዚያው ስምና ዓርማ ሌላ ቻናል ይከፍታሉ። አንዱ ወገን «ስማችንን ወሰዱብን» ይላል፤ ሌላው «ለበጎ ሥራ ስም ማን ይከለክላል?» ብሎ ይመልሳል። ገንዘብ የሌለበት ጠብ በቀላሉ የሚበርድ ይመስላል። እንዲያውም ይከርራል፤ የሚካፈሉት ትርፍ ስለሌለ የሚሟገቱት በክብር ነውና።

1. ስሙ በአንድ ወገን ሊያዝ የሚችል መሆኑን መርምሩ

የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የአገልግሎቱን ዓይነት ወይም ቦታውን ብቻ የሚገልጽ ስም እንዲመዘገብ አይፈቅድም። «ነፃ ዕቃ ደሴ» የሚለውን ማንም የእኔ ነው ሊል አይችልም። ስማችሁ እንዲህ ያለ ከሆነ መከራከሩን ትታችሁ የሚለያችሁን ቃል ወይም ዓርማ ጨምሩበት።

2. ስሙን ለማን፣ እንዴት እንደፈቀዳችሁ በጽሑፍ አሰባስቡ

ስሙን መጀመሪያ ማን ተጠቀመበት? ኮምቦልቻዎች ሲጠይቁ ምን ተባሉ? የቆዩ መልእክቶችን ፎቶ አንስታችሁ ከነቀናቸው አስቀምጡ። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ያገለገለ ዕቃ በነፃ የሚያስተላልፉ ቡድኖችን የሚያስተባብረው ፍሪሳይክል የገጠመውን ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ቱሶን ከተማ ላይ የተጀመረው ይህ ድርጅት በየከተማው ላሉ በጎ ፈቃደኞች ስሙንና ዓርማውን በልግስና ሰጠ። በካሊፎርኒያ የሰኒቬል ቡድን ዓርማውን ልጠቀም ብሎ ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ፣ ለንግድ አታውሉት ከሚል ማሳሰቢያ ጋር በኢሜይል የተላከ ፈቃድ ነበር። በኋላ ግንኙነቱ ሲበላሽ ድርጅቱ ስሙን እንዳይጠቀሙበት ከለከላቸው፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 የ9ኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የሰኒቬልን ቡድን ደገፈ። ምክንያቱ ድርጅቱ የቡድኑን ሥራ የሚቆጣጠርበት ውል አልነበረውም፤ በተግባርም አልተቆጣጠረም፤ እንዲህ ያለ ልቅ ፈቃድ የሰጠ ባለቤት ምልክቱን እንደተወ ይቆጠራል የሚል ነበር። ውሳኔው የአሜሪካ ነው፤ የእኛን ፍርድ ቤቶች አያስገድድም። ቢሆንም «ውሰዱ፣ ምን ችግር አለው» ብሎ ፈቅዶ ኋላ ሌባ ማለት የትም ቢሆን ያስቸግራል።

3. ቻናሉ በማን ስልክ እንደተከፈተ አረጋግጡ

አብዛኛው ጠብ በእውነቱ የቻናል ጠብ ነው። የከፈተው ልጅ ሲኮርፍ ስሙም ተከታዩም አብሮት ይሄዳል። በቴሌግራም ባለቤትነትን ለሌላ አስተዳዳሪ ማዛወር ይቻላል፤ ለዚህ ግን የሚያዛውረው ሰው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከስልክ ኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት ያበራ መሆን አለበት። ስለዚህ በሰላሙ ቀን አዘጋጁት። በተኮራረፉ ማግስት ማን ስልኩን ያቀብላል?

4. ሽማግሌ አስገቡና አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ

ወሎ የአበጋር፣ ማለትም የባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌ፣ አገር ነው፤ ደም አስታርቆ የኖረ ሕዝብ በዓርማ ጉዳይ ሽማግሌ አያጣም። ሁለቱም ወገኖች የሚያከብሯቸው የእድር ዳኛ ወይም ሸህ ወይም ቄስ ይበቃሉ። እርቁ ግን በምርቃትና በቡና ብቻ እንዳያልቅ፤ በጽሑፍ ይቀመጥ። ስሙን ማን ይጠቀማል? የትኛው ቡድን ለየትኛው ከተማ ይሠራል? በነፃ የወሰደውን ዕቃ ሸጦ የተገኘ ሰው ምን ይደረጋል? ቅሬታ ማን ያያል? ፈቃዱ መቼ ይነሳል? ክልሉን መከፋፈል ከባድ አይደለም፤ ቁም ሣጥን በነፃ ለመውሰድ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት የሚወጣና የሚወርድ ሰው ጥቂት ነው።

5. መመዝገብ ካስፈለገ

በአዋጁ መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው፤ ማመልከቻው የሚቀርበውም ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አመልካቹ ግለሰብ ወይም ሕጋዊ ሰውነት ያለው ድርጅት ይሆናል፤ የቴሌግራም ቡድን እንዲሁ እንዳለ አመልካች አይሆንም። «ለጊዜው በእገሌ ስም እናስመዝግበው» የሚለውን ሐሳብ አልመክርም፤ ነገ ባለቤቱ እገሌ ነው። ማኅበር ካላችሁ አባላት በጋራ የሚገለገሉበት የወል የንግድ ምልክትም አለ። ምዝገባው ማመልከቻ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ይታደሳልም። በተከታታይ 3 ዓመት ያልተሠራበት ምልክት ግን ሊሰረዝ ይችላል።

6. ስም መቀየርንም አስቡበት

በእኔ እምነት ለትንሽ ቡድን ከክስ ይህ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ብዙ የብሪታንያ ቡድኖች ከፍሪሳይክል ተለይተው ፍሪግል በሚል ስም ቀጠሉ። ስትቀይሩ በቻናሉ አናት ላይ ማስታወቂያ ሰክታችሁ ለጥቂት ወራት አቆዩት፤ ዕቃ ልትሰጡት ቀጠሮ የያዛችሁለትን ሰው ደግሞ በስልክ ደውላችሁ ንገሩት።