ለሂስፓኒክ አረጋውያንና ቤተሰቦቻቸው ሲሟገቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መጦሪያና በሆም ኬር ሥራ የተሰማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከኤል ሳልቫዶር፣ ከጓቲማላና ከሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች የመጡ ሂስፓኒክ (የዘር ሐረጋቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሚመዘዝ) አረጋውያንን ይንከባከባሉ፤ ሳያስቡትም የእነርሱ ተሟጋች ሆነው ይገኛሉ። ቀጥሎ የቀረቡት ስህተቶች በአብዛኛው በቅን ልቦና የሚፈጸሙ ናቸው።

የመጀመሪያውና ሌሎቹን የሚወልደው ስህተት ሂስፓኒክ የሚባሉትን ሁሉ አንድ ዓይነት ሕጋዊ ሁኔታ እንዳላቸው አድርጎ መቁጠር ነው። የፖርቶ ሪኮ ሰዎች ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው፤ ሆኖም ኤስ.ኤስ.አይ. የተባለው ለችግረኛ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው የፌዴራል ድጎማ በደሴቲቱ ለሚኖሩ አይከፈልም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2022 ይህ ሕገ መንግሥቱን እንደማይጥስ ወስኗል። ስለዚህ ኒውዮርክ ሆነው ድጎማውን ሲያገኙ የኖሩ አዛውንት ወደ ትውልድ ደሴታቸው ለመመለስ ሲያስቡ ይህን አስቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ከሜክሲኮ የመጡ እናት ግሪን ካርድ ቢኖራቸውም ሜዲኬይድ የተባለውን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን ለማግኘት ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመት መጠበቅ ግድ ይሆንባቸዋል። በኒው ሜክሲኮ ደግሞ ግዛቱ በ1848 በአሜሪካ እጅ ከመግባቱ በፊት ጀምሮ እዚያው የኖሩ ቤተሰቦች አሉ፤ እነርሱን ስለ ስደት መጠየቅ ስድብ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ልጅን ወይም የልጅ ልጅን በአስተርጓሚ ቦታ ማስቀመጥ ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የ2010ሩ የጤና ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲያቀርቡ ያስገድዳሉ፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅም ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር እንዲያስተረጉም አይፈቀድም። ይኸው መብት አማርኛ ተናጋሪ ወላጆቻችንንም ይመለከታል። ጉዳቱ ከቃላት ስህተት ያልፋል። አያት በልጅ ልጃቸው ፊት ሽንት እንደሚያመልጣቸው ወይም በቤት ውስጥ እንደሚመቱ አይናገሩም፤ ልጅም የካንሰርን ወሬ ለእናቱ ሲያደርስ ማለዘቡ አይቀርም። ስለዚህ ቀጠሮ ሲያዝ አስተርጓሚ መጠየቅና ጥያቄው በመዝገብ እንዲሰፍር ማድረግ ይገባል። ቋንቋውንም አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል፤ ከጓቲማላ ደጋማ አካባቢ የመጡ አረጋዊ አፍ የፈቱት ማም ወይም ኪቼ በተባሉት የአገሬው ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ የስፓኒሽ አስተርጓሚ ጉዳዩን በግማሽ ብቻ ይፈታል።

ሦስተኛውን ስህተት ብዙ ሰው እንደ ምስጋና ስለሚቆጥረው ለመንቀል ከሁሉም ይከብዳል፤ «እነርሱ ሽማግሌዎቻቸውን በቤት ይጦራሉ» የሚለው አነጋገር ነው። ነገሩ ለብዙ ቤተሰቦች እውነት ቢሆንም፣ አባባሉ ከአገልግሎት ሰጪ ቢሮ ሲወጣ እርዳታ ለመንፈግ ምክንያት ይሆናል፤ ሸክሙም በአብዛኛው በአንዲት ሴት ልጅ ላይ ይወድቃል። ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የሚሰጠው የፌዴራል የጤና መድን፣ ለረጅም ጊዜ የዕለት ተዕለት እንክብካቤ እንደማይከፍል፣ ሜዲኬይድ ግን መስፈርቱን ለሚያሟሉ በቤት ውስጥ የሚሰጥ አገልግሎት እንዳለው ቤተሰቡ ማወቅ አለበት። ካሊፎርኒያን በመሳሰሉ ግዛቶች አስታማሚዋ ልጅ ራሷ ክፍያ ልታገኝ ትችላለች። አስታማሚን የሚያሳርፍና የሚያማክር የፌዴራል መርሃ ግብርም ከ2000 ጀምሮ አለ። ተሟጋቹ ልጅቱን ለብቻዋ አነጋግሮ እንቅልፏን፣ ሥራዋንና ጤናዋን ሊጠይቃት ይገባል።

ቀነ ገደብን ቸል ማለት በገንዘብ የሚያስቀጣ ስህተት ነው። የሜዲኬር የመጀመሪያ ምዝገባ 65 ዓመት የሚሞላበትን ወር መሐል አድርጎ ሰባት ወር ይቆያል፤ ያለ በቂ ምክንያት ዘግይቶ ለሚመዘገብ ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት የፓርት ቢ (የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምናን የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል) መዋጮ በ10 በመቶ ይጨምራል፤ ጭማሪውም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይከፈላል። የሆስፒታል ሕክምናን የሚሸፍነውን ፓርት ኤን ያለ ወርሃዊ መዋጮ ለማግኘት 40 ሩብ ዓመት፣ ማለትም አሥር ዓመት ያህል፣ ግብር እየከፈሉ መሥራትን ይጠይቃል። በሰው ቤት በማጽዳት ዕድሜያቸውን የጨረሱና ደመወዛቸው ያልተመዘገበላቸው እናት ግን በባላቸው የሥራ ዘመን ሊጠቀሙ ስለሚችሉ «አልሠሩም» ብሎ መዝገቡን መዝጋት አይገባም።

ስለ ኢሚግሬሽን በራስ ግምት ማረጋገጫ መስጠትም አደገኛ ነው። የመንግሥት እርዳታ መቀበል ግሪን ካርድ ያስከለክላል ወይስ አያስከለክልም የሚለው ደንብ በ2019 ጠብቆ፣ በ2021 ተሽሮ፣ በ2022 እንደገና ተጽፏል። በአንድ ቤት ውስጥ ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለውና ወረቀት የሌለው አብረው ሲኖሩ «አትፍሩ» ማለትም «አታመልክቱ» ማለትም እኩል ጥፋት ነው። ትክክለኛው እርምጃ ቤተሰቡን ወደ ኢሚግሬሽን ጠበቃ ወይም ፈቃድ ወዳለው ወኪል መላክ ነው። በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች ኖታሪ ከፍ ያለ የሕግ ባለሙያ ሲሆን፣ በአሜሪካ በዚህ ስም ቢሮ የከፈተ ሰው ግን በአብዛኛው ፊርማ ከማረጋገጥ ያለፈ ሥልጣን የለውም፤ በዚህ ልዩነት የሚያጭበረብሩም አሉ።

መርሳትን «ዕድሜ ነው» ብሎ ማለፍም አይገባም። የአሜሪካ የአልዛይመር ማኅበር እንደሚገልጸው በሂስፓኒክ አረጋውያን ዘንድ አልዛይመርና ተመሳሳይ የመርሳት በሽታዎች ከነጮቹ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይበዛሉ። ምርመራው በቋንቋቸውና የትምህርት ደረጃቸውን ባገናዘበ መንገድ እንዲደረግ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ስህተት ሆስፒታል «ነገ ይወጣሉ» ሲል ዝም ብሎ መቀበል ነው። ተኝቶ የሚታከም የሜዲኬር ታካሚ መውጣቱ ያለጊዜው ነው ብሎ ካመነ፣ እስከሚወጣበት ቀን ድረስ ከሆስፒታሉ ውጪ ላለ ገለልተኛ ገምጋሚ አካል ይግባኝ ማለት ይችላል። መብቱንና የሚደወልበትን ስልክ የያዘውን ወረቀት ሆስፒታሉ መስጠት ግዴታው ሲሆን፣ ወረቀቱ በስፓኒሽም ስለተዘጋጀ አረጋዊው ከመፈረማቸው በፊት የስፓኒሹ ቅጂ እንዲሰጣቸው መጠየቅ ይቻላል።