የተጫዋቾችን ሆርሞን ስንለካ የምንሠራቸው ስህተቶች

በቅርቡ አንድ ጀማሪ የአካል ብቃት አሰልጣኝ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የአማካያችን ኮርቲዞል ከሁሉም በለጠ። ልጁ ተጨንቋል። ለእሁድ እንዳያሰልፈው ለዋናው አሰልጣኝ ልንገረው?» አለኝ። «ምራቁን ስንት ሰዓት ላይ ወሰድክ? ልጁስ ስንት ሰዓት ነቃ?» አልኩት። የመጀመሪያውን ያውቃል፤ ጠዋት 1 ሰዓት። ሁለተኛውን ግን አልጠየቀም።

ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገረው። ኮርቲዞል ሰውነት ጫና ሲገጥመው የሚበዛ፣ በምራቅ የሚለካ፣ በሰዓት የሚሄድ ሆርሞን ነው። ከእንቅልፍ ስንነቃ ሽቅብ ይወጣል። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ እየወረደ ይሄድና እኩለ ሌሊት አካባቢ በጣም ዝቅ ይላል። አንዱ ተጫዋች ለጸሎት 11 ሰዓት ተነስቷል እንበል። ሌላው ከአልጋው የወረደው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሁለቱም 1 ሰዓት ላይ ምራቅ ቢሰጡ፣ የመጀመሪያው ቁልቁለቱን ጀምሯል፣ ሁለተኛው ገና አቀበቱ ላይ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይሄኛው ጨዋታውን ፈርቷል» ማለት በሰው እንጀራ መፍረድ ነው።

እኔም ፈርጃለሁ። አንድ የዝግጅት ካምፕ ውስጥ የአንድ ወጣት ተከላካይ ውጤት ከጓደኞቹ እጥፍ ሆኖ መጣ። ለአሰልጣኙ ነገርኩት፤ ልጁ ተጠባባቂ ሆነ። በኋላ ነው የሰማሁት፤ ያን ቀን አርፍዶ ተኝቶ፣ የመኝታ ክፍል ጓደኛው ቀስቅሶት፣ እየሮጠ ነው ምራቅ ሊሰጥ የመጣው። «ምን አጥፍቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ያመለጠውን ጨዋታ ግን ልመልስለት አልቻልኩም።

ተጫዋችን የምናወዳድረው ከራሱ ጋር ነው። ጫና በሌለበት ሳምንት፣ በተለያዩ ጠዋቶች፣ ከነቃ በኋላ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ደቂቃ ናሙና ውሰዱ። የእሱን ልማድ ሳታውቁ ከፍና ዝቅ የሚባል ነገር የለም።

የ30 በመቶዋ ነገርም አለች። እ.ኤ.አ. በ1986 የፊንላንድ ተመራማሪዎች የቴስቶስትሮን (ጡንቻን የሚገነባው ሆርሞን) እና የኮርቲዞል ጥምርታ ከ30 በመቶ በላይ ሲወርድ ሰውነት ከድካሙ እንዳላገገመ ሊያመለክት ይችላል አሉ። ይህ ደግሞ የሚታየው በአንድ ሰው ላይ በጊዜ ውስጥ ነው። በኛ ዘንድ ግን ከአንድ ቀን ውጤት ተነስቶ «ልምምድ በዝቶበታል» የሚል ሰው ሞልቷል።

ኮርቲዞልን እንደ ጠላት ማየትም ስህተት ነው። ጉበት ስኳር እንዲለቅ የሚያደርገው፣ ለጡንቻ ነዳጅ የሚያቀርበው እሱ ነው። ከጨዋታ በፊት ከፍ ማለቱ ሰውነት መዘጋጀቱን ያሳያል። እኔን የሚያሳስበኝ የልጁ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና ስሜት አብሮ ሲበላሽ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ቁርስ ላይ አጠገቡ መቀመጥ ይበቃል።

«ቴስቶስትሮኑ ከፍ ያለ ያሸንፋል» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ብራዚል ጣሊያንን በፍጹም ቅጣት ምት ስታሸንፍ፣ በቴሌቪዥን ያዩ ደጋፊዎች ምራቅ ተለክቶ ነበር። የብራዚል ደጋፊዎች ቴስቶስትሮን ወጣ፤ የጣሊያኖቹ ወረደ። ኳሷን የነካ የለም! ስለዚህ ከድል ማግስት የተወሰደ ውጤት ስለ ትናንቱ ደስታ እንጂ ስለ መጪው ጨዋታ ብዙ አይነግራችሁም።

የሌላ አገር ጥናት እንዳለ መገልበጥም አለ። ተመራማሪዎቹ ኒክ ኒቭና ሳንዲ ዎልፍሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት የእንግሊዝ እግር ኳስ ተጫዋቾች ቴስቶስትሮን በሜዳቸው ከመጫወታቸው በፊት፣ ከሜዳቸው ውጪ ከሚጫወቱበት ጊዜ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ጥሩ ጥናት ነው። ግን የኛ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተዘዋወረ ነበር የተካሄደው። በወረቀት ላይ ባለሜዳ የተባለው ቡድን ለሳምንታት ከቤቱ ርቆ ነበር የሚከርመው። የራሴ የሚለው ሜዳ ለሌለው ተጫዋች ያ ውጤት እንዴት ይሠራል?

ትንንሾቹን ቶሎ ልበል። ጥርሱን ፍቆ ድዱ ከደማ ምራቁን አትውሰዱ፤ ደም ውጤቱን ያዛባል። ቡና ከጠጣም እንዲሁ። እንቅልፍን ደግሞ አትናቁ፦ ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለአንድ ሳምንት በቀን 5 ሰዓት ብቻ ሲተኙ የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወርዷል። በካምፕ ሌሊቱን ስልክ ላይ የሚያድር ስንት አለ! በሁዳዴም ሆነ በረመዳን ጾመኛውን አትውቀሱት። ማታ የሚበላውን መጠን አስተካክሉለት። ለጉልበት ሕመም የሚወጋ ኮርቲዞን ነክ መድኃኒት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውድድር ወቅት የተከለከለ ነው። ተጫዋቹ ከመወጋቱ በፊት ሐኪሙና ወጌሻው ይነጋገሩ።

በሴቶች ቡድን ውስጥ ያለውን ሳልናገር አላልፍም። የወር አበባዋ የቀረባትን ተጫዋች «ልምምዱን ለምዳዋለች፣ ተገላገለች» ብሎ የሚያልፍ አሰልጣኝ አጋጥሞኛል። እርግዝና ካልሆነ ብዙ ጊዜ የምትበላው ከምታወጣው ጉልበት አንሷል ማለት ነው። ኤስትሮጂን የሚባለው የሴቶች ሆርሞን ሲወርድ አጥንት ይሳሳል፤ ስብራት ይከተላል። እኔ ለመጠየቅ አፍሬ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ዝም ብያለሁ። አሁን ዝግጅት በተጀመረ የመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ሴት ባለሙያ እያንዳንዷን ለብቻዋ ታነጋግራለች። የቀረባት ካለች ልምምዷን እንቀንሳለን፣ ምግቧን እንጨምራለን፣ ወደ ሐኪም እንልካለን።