ጣሪያዋ የሚታጠፍ ቮልስ ስትጠግኑ

አቦ፣ መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ባትላሜራ፣ ማለትም የመኪና ቦዲ ጥገና፣ ስሠራ ዓመታት ቆጥሬአለሁ። ጣሪያዋ የሚታጠፍ ቮልስ ግን እጄ የገባችው አንዴ ብቻ ነው። ከበሩ ሥር ያለውን የበሰበሰ ሳጥን በግራይንደር ቆረጥኩት። ማታ በሩን ልዝጋ ስል አልገጥምም አለኝ። መኪናዋ መሃሏ ላይ ጎብጣለች።

ሌላ መኪና ሲቆረጥ ጣሪያው ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ይቺን የያዛት ያ ሳጥን ነው። ካርማን የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ በፈረንጅ ከ1949 እስከ 1980 ሲሠራት እዚያ ላይ ተጨማሪ ብረት ያደረገው በከንቱ አይደለም። ሞቃት አየር ወደ ፊት የሚሄደውም በውስጡ ነው። ድሬ ላይ ማሞቂያ የሚከፍት ሰው እስካሁን አላየሁም፤ ዝገቱ ግን ማሞቂያ አይጠይቅም።

ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጉ። ጫፉ ከገባ ብረቱ አልቋል። የእኔዋ ስትከፈት እንደ ጡብ የጠጠረ ጭቃ ወጣ። ባለቤቷ ጋሼ ዓይተው ሳቁ፦ «የደቻቱ ወንዝ ነው፤ የ1998ቱ ጎርፍ።»

ከዚያ ባትሪዋን አውጡ፤ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የነዳጅ ታንኩ ፊት ለፊት ስለሆነ እሱንም ፍቱት። በብየዳ ብልጭታ አትቀልዱ። መኪናዋን ሜዳ ላይ በጎማዋ አቁሙ፣ ክሪክ መሃሏ ላይ አትትከሉ። በሩ ተገጥሞ እያለ ክፍተቱን ዙሪያውን ለኩና ጻፉ። አሁን በሩን አውርዳችሁ ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ ቱቦላሬ በየዱ፣ አንዱን ቀጥ፣ አንዱን ሰያፍ። አንድ ጎን ሳያልቅ ሌላውን አትንኩ። አዲሱን ላሜራ ነጥብ ነጥብ እያደረጋችሁ፣ ቦታ እየቀያየራችሁ በየዱ። አንድ ቦታ ላይ ከቆያችሁ ላሜራው እንደ ቆርቆሮ ይወላገዳል። ቱቦላሬውን ከመቁረጣችሁ በፊት በሩን ሞክሩት።

ጉድጓዱን የምትሞሉበት ስቱኮ ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ከበለጠ ሥራው መዶሻ ይፈልጋል ማለት ነው። ያገለገለ መኪና ስትገዙ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት አስጠጉ፤ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ብረት ሳይሆን ስቱኮ አለ። ድሬ ሙቀቱ ስቱኮውን ቶሎ ያደርቀዋል፣ ትንሽ ትንሽ በጠዋት ለውሱ። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሩ፣ 180፣ 320 እያላችሁ ውጡ። የተላጠ ብረት ሳያድር አንቲረስት ይቀባ፣ የእጅ ላብ ብቻውን ያዝገዋል። ቀለሙንም ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ፣ መሬቱን ውሃ ረጭታችሁ ርጩት። የጣሪያዋ ሸራ የሚገጠመው መጨረሻ ነው።

ከሳጥኑ ግርጌ ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ቀለም ቀቢዬ «ላሳምረው» ብሎ ሊደፍናቸው ስቱኮ አንሥቶ ነበር፤ እጁን ያዝኩት።