የአቪዬሽን ሕግ ሲቀየር የትኛው ሙያ እንደሚፈለግ እንዴት ይታወቃል?

ጎንደር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ወላጆች ይመጣሉ። «መምህር፣ ልጄ አቪዬሽን ብትገባ ሥራ ታገኛለች?» ይሉኛል። አውሮፕላን ማረፊያው እዚሁ አዘዞ ስለሆነ፣ ልጆቹም የአውሮፕላን ድምፅ እየሰሙ ስላደጉ ጥያቄው አያልቅም።

መልሱን ከቅጥር ማስታወቂያ አልፈልገውም። ማስታወቂያ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሕግ ይወጣል። ሕጉ አዲስ ማሽን ወይም አዲስ አሠራር ያመጣል። እሱ ደግሞ ሠልጣኝ ይጠይቃል። ሕጉን ማንበብ የቻለ ልጅ ቀድሞ ይዘጋጃል። እንዴት እንደሚነበብ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሕጉን ማን እንዳወጣው እዩ። ከላይ በ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት መሠረት የቆመው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ አለ። አገሮች የሚከተሉትን ዝቅተኛ መስፈርት ያወጣል። ያንን እኛ አገር የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ ሕጎችም ይመለከቱናል፤ ምክንያቱም ቦይንግና ኤርባስ የሚሠሩትን የሚፈቅዱት እነሱ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ የተቀየረ ነገር ውሎ አድሮ አዲስ አበባ ሃንጋር ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ ቀኖቹን ተመልከቱ። ሕጉ የጸደቀበት ቀንና ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ይለያያሉ። በመሀል ያለው ጊዜ የተማሪው ነው። ለምሳሌ ኢካኦ ዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠሩ አብራሪዎችና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የንግግር እንግሊዝኛቸው ቢያንስ ደረጃ 4 እንዲደርስ የወሰነው በ2003 ነው። ሥራ ላይ እንዲውል የተባለው በ2008። አምስት ዓመት! ያኔ ይህን ያወቀ የ9ኛ ክፍል ልጅ እንግሊዝኛውን አሳምሮ ለመቅረብ በቂ ጊዜ ነበረው። መስፈርቱ ዛሬም አለ። ፊዚክስ እየደፈነ እንግሊዝኛ ሲናገር የሚንተባተብ ተማሪ ሳይ የምጨነቀው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ዋናው፣ «ከዚህ ሕግ በኋላ የሚፈርመው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። አቪዬሽን የፊርማ ሥራ ነው። የተጠገነ አውሮፕላን ፈቃድ ያለው ባለሙያ «ለበረራ ብቁ ነው» ብሎ ካልፈረመ አይነሳም። ሕግ አዲስ ምርመራ ሲጨምር አዲስ ፈራሚ ይፈለጋል። ሲቀንስ ደግሞ ሙያው ራሱ ሊጠፋ ይችላል።

የጠፋ ሙያ ላሳያችሁ። ድሮ በብዙ ትልልቅ ጄቶች ላይ ከሁለቱ አብራሪዎች ጀርባ የበረራ መሐንዲስ ይቀመጥ ነበር። ሞተሩን፣ ነዳጁን፣ ኤሌክትሪኩን የሚከታተለው እሱ ነው። በ1981 አሜሪካ ውስጥ በፕሬዝዳንቱ የተቋቋመ ቡድን ጉዳዩን መርምሮ ሁለት አብራሪ በቂ ነው አለ። ቦይንግ ያኔ 767ን ለሦስት ሰው እየሠራ ነበር። ወዲያው ኮክፒቱን፣ ማለትም የአብራሪዎቹን ክፍል፣ ለሁለት ሰው ቀየረው። ያ ሁሉ ጌጅ በስክሪንና በኮምፒውተር ተተካ። የእኛ አየር መንገድም በ1984 አዲሱን 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ድረስ ሳያሳርፍ አመጣው፤ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን የርቀት ክብረ ወሰን ነበር።

ታዲያ የመሐንዲሱ ሥራ የት ሄደ? ወደ መሬት ወረደ። ስክሪኑንና ኮምፒውተሩን የሚጠግነው የአቪዮኒክስ ቴክኒሻን፣ ፕሮግራሙን የሚጽፈውና የሚፈትሸው ባለሙያ ወረሱት።

በ1985 ደግሞ ሌላ ገደብ ላላ። እስከዚያ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በአንድ ሞተር ቢቀር በ60 ደቂቃ ውስጥ ማረፊያ የሚደርስበትን መንገድ ብቻ ይበር ነበር። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ 120 ደቂቃ ፈቀደ። ፈቃዱ ግን በነፃ አልተሰጠም። አየር መንገዱ ሞተሩ አየር ላይ ስንት ጊዜ እንደጠፋ መመዝገብ፣ ዘይቱን መከታተል፣ አስተማማኝነቱን በቁጥር ማሳየት ነበረበት። በ1995 ሥራ የጀመረው 777 ከመነሻው 180 ደቂቃ ተፈቀደለት። ባለ አራት ሞተሮቹ ቀስ በቀስ ከገበያ ወጡ። ስታትስቲክስ የሚወድ ልጅ አቪዬሽን ውስጥ ምን ይሠራል ለምትሉኝ፣ ይኸው።

አራተኛ፣ ሕጉ የሥልጠናውን መንገድ ያስረዝማል ወይስ ያሳጥራል? ወደ ጎንደር የሚመላለሰውን ባለ ፕሮፔለር ኪው 400 ታውቁታላችሁ። በየካቲት 2009 አሜሪካ ውስጥ፣ ቡፋሎ ከተማ አጠገብ የዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ በ2013 አሜሪካ የረዳት አብራሪዎችን መነሻ የበረራ ሰዓት በጥቅሉ ከ250 ወደ 1,500 ከፍ አደረገች። ልብ በሉ፤ በአደጋው የሞቱት ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ በረዋል። በእኔ እምነት ሰዓት መደርደር ብቻውን ችግሩን አልነካውም፤ አውሮፕላን ፍጥነቱ ወርዶ ክንፉ መሸከም ሲያቅተው (ስቶል ሲያደርግ) እንዴት እንደሚመለስ በሲሙሌተር፣ መሬት ላይ ባለ የበረራ መለማመጃ፣ ደጋግሞ ማሠልጠን ነው የሚበልጠው። ሕጉ ግን ወጣ፤ መንገዱም ረዘመ። ትንንሾቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች አብራሪ አጠረን አሉ፣ ደመወዝም ጨመሩ። መንገድ የሚያስረዝም ሕግ ስታዩ ሁለት ነገር ጠብቁ፤ የሰው እጥረትና የሥልጠና ወጪ መናር።

በ2019 መጋቢት 1 ቀን በአውሮፕላን አደጋ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ያለቁትን 157 ሰዎች ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። አንድ የተበላሸ ሴንሰር የላከውን የተሳሳተ መረጃ አምኖ፣ የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ሶፍትዌር አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ። በ2020 መጨረሻ የአሜሪካ ምክር ቤት አዲስ አውሮፕላን የሚጸድቅበትን አሠራር የሚያጠብቅ ሕግ አወጣ። ሕጉ ካተኮረባቸው ነገሮች አንዱ ማስጠንቀቂያ ሲደራረብበት አብራሪው ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ይህን የሚያጠናው ሳይኮሎጂና ምሕንድስና የሚገናኙበት ሙያ ነው። ሳይኮሎጂ ለሚወዱ ተማሪዎቼ ይህን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያለ ሐዘን እንዳይደገም የሚሠራ ሥራ ነውና።

ለኬሚስትሪ ልጆች ደግሞ ነዳጁ አለ። ከአውሮፓ ኅብረት ማረፊያዎች የሚቀዳው ነዳጅ በ2025 2 በመቶው፣ በ2030 6 በመቶው፣ በ2050 70 በመቶው ብክለት ቀናሽ እንዲሆን ተደንግጓል። ቀኑም መጠኑም ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ከዚህ የጠራ የሥራ ጥቆማ አላውቅም። ድሮን የምትወዱ ሩዋንዳን እዩ፤ መንግሥት በሩን ስለከፈተ ከ2016 ጀምሮ ደም በድሮን ወደ ሆስፒታሎች ይላካል። እኛ ጋ ድሮን ለማስገባት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ወደ አዘዞ ስንመለስ፣ ቀጣሪው ማን እንደሆነ ለዩ። እስከ 2017 ማረፊያዎቹን የሚያስተዳድረው ራሱን የቻለ ድርጅት ነበር። በዚያ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ተጠቃለለ። ስለዚህ የማረፊያ ሥራ የምትፈልጉ የግሩፑን ማስታወቂያ ተከታተሉ። የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ግን የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሥራ ነው። ይህን ባለማወቅ ማመልከቻ የተሳሳተ በር ላይ የሚያስገቡ ልጆች አሉ።

ወላጆች፣ የመጨረሻው ለእናንተ ነው። «አቪዬሽን እናሠለጥናለን» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ መጀመሪያ ሁለት ነገር ጠይቁ። ትምህርት ቤቱ ለዚያ ሥልጠና ከባለሥልጣኑ የተሰጠው ፈቃድ የታለ? ልጄ ሲጨርስ የሚያገኘው ወረቀት ላይሰንስ ለመፈተን ያበቃዋል ወይስ መሳተፉን ብቻ ይመሰክራል? ፈቃዱን በዓይናችሁ እዩ። እስከ መቼ እንደሚጸና አንብቡ። ፎቶ አንሱና ባለሥልጣኑን ጠይቃችሁ አረጋግጡ። ካላሳዩዋችሁ ብር አትክፈሉ።