ርካሽ የእጅ ባትሪ ብርሃኑን እንዴት እንደሚመጥን መለየት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ስልክና የእጅ ባትሪ እጠግናለሁ። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ገና አንድ ሰዓት ሳይበራ ለምን ይደበዝዛል?» ብለው ነው። መልሱ ዕቃው ኃይሉን በሚመጥንበት መንገድ ላይ ነው፤ ይህንንም ሳትፈቱት መለየት ትችላላችሁ።

መብራቱን ወደ ዝቅተኛው ደረጃ አውርዱና በስልካችሁ ካሜራ ተመልከቱት። በስክሪኑ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ከተንሸራተቱ፣ መብራቱ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየበራና እየጠፋ ነው። ዓይናችን ፍጥነቱን መከተል ስለማይችል ደብዛዛ ብርሃን ብቻ ያያል። የሚበራው የጊዜውን ሩብ ከሆነ፣ አማካይ ኃይሉም ወደ ሩብ ይወርዳል።

ቀጥሎ የባትሪ ድንጋዩን በቴስተር ለኩ። የተለመደው ሊቲየም ሲሞላ 4.2 ቮልት ያሳያል፤ ወደ 3 ሲጠጋ አልቋል። ብርሃኑ ከቮልቱ ጋር አብሮ የሚወርድ ከሆነ፣ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን እኩል የሚይዝ ሰርኪዩት የለውም፤ ስከፍተው ብዙ ጊዜ የማገኘው አንዲት ሬዚስተር፣ ማለትም ፍሰቱን የምትገድብ ትንሽ ዕቃ ነው። ለረጅም ጊዜ እኩል በርቶ መጨረሻ ላይ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን ተቆጣጣሪ አለው። ገንዘብ መጨመር የሚገባው ለዚህ ነው።

ሬዚስተሯን አውጥታችሁ በሽቦ አትተኩ፤ እለምናችኋለሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከሰኞ ገበያ እንዲህ የተደረገበት ባትሪ አመጡልኝ። ቢጫዋ የአምፖል ነጥብ መሃሏ ጠቁሮ፣ የፕላስቲክ መስታወቱ ቀልጦ ጎብጦ ነበር። ለልጃቸው የማታ ጥናት የገዙት ነው። ሌላ አምፖል በየድኩበት፤ ሬዚስተሯንም ወደ ቦታዋ መለስኩ።