የ12 ቡድን የእግር ኳስ ውድድርን በሁለት ምድብ ማዋቀር

ሐዋሳ ላይ በአንድ ሜዳ 12 ቡድን ሁሉም ከሁሉም ይጫወት ካላችሁ 66 ጨዋታ ነው፤ ብዙ ቀን ይፈጃል። ስድስት ስድስት አድርጉና በሁለት ምድብ ክፈሏቸው፤ 30 ይሆናል። በቀን ሁለት ቢካሄድ 15 ቀን ገደማ ነው።

ምድቡን በክፍለ ከተማ አትክፈሉ፤ ጠንካራ ጎረቤታሞች አንድ ላይ ታጭቀው ይጠፋፋሉ። የዓምናዎቹን የፍጻሜ ተፋላሚዎች ለያዩ፣ የቀረውን ዕጣ ያውጣው። ከየምድቡ ሁለት ይለፉ፤ የየምድቡ አንደኛ ከሌላው ምድብ ሁለተኛ ጋር ይገናኝ።

ነጥብ እኩል ሲሆን የሚለየው የእርስ በርስ ውጤት ነው ወይስ የግብ ልዩነት? ከመክፈቻው በፊት ተጽፎ ይፈረምበት፤ ጸቡ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

የአንድ ምድብ የመጨረሻ ሦስት ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት ይጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ ሁለቱንም የሚያሳልፈውን 1 ለ 0 ይዘው ኳስ ሲያንሸራሽሩ፣ ቀድማ የጨረሰችው አልጄሪያ ወደቀች። ለዚያ ቀን ተጨማሪ ሁለት ሜዳ ተዋሱ።